ሁለተኛ ፎቅ ላይ የወረደው በረዶ

ለሠራተኞቹ የእጅ አንጓ የኛን መሥሪያ ቤት ያህል የተጨነቀ በሰሜን አሜሪካ ምድር ተፈልጎ አይገኝም። ስሙን ለክብሩ ስል አልጠራውም። በካናዳ ሜዳማው ምዕራብ፣ ስንዴና ጎመንዘር እስከ ሰማይ ጠርዝ በሚዘረጋበት አገር፣ በረዶ የመታውን ሰብል የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ነው ብል ይበቃል።

አሠራራችን የታወቀ ነው። ገበሬው ማሳው በበረዶ ሲመታበት አንድ ገጽ ቅጽ በእጁ ሞልቶ በፖስታ ይልክልናል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡ አርባ አንድ ጸሐፊዎች ቅጹን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። ከዚያ ተቆጣጣሪው ቦት ጫማውን አጥልቆ ማሳው ድረስ ይወርድና የተጎዳውን አገዳ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ለተሰበረ፣ ለጎበጠ፣ ለተላጠ፣ ላዘነበለ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ዓምድ አለው። የተቆጣጣሪው ውሳኔ በሕግ የመጨረሻ ነው፤ ዳይሬክተሩ እንኳ ከመፈረም በቀር ምርጫ የለውም። አንድ የስንዴ አገዳ ስንት ዲግሪ እንደጎበጠ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የጸሐፊዎቹን አንጓ ችላ ይላል ብሎ የሚያማ ቢኖር ምቀኛ ብቻ ነው።

እኔ ዱዋይት እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በቃለ ጉባኤ ሹምነት አገልግያለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በማኅተም የተረጋገጠ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጠረጴዛ በመጣ ጊዜ ነው። ዳይሬክተራችን ሚስተር ሌላንድ ብሪግስ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ናቸው። አዲስ ጠረጴዛ ሊገዛ ሲባል ኃላፊነቱን ለማንም ሳይተዉ መደብሩ ድረስ ሄደው፣ ራሳቸው ተቀምጠው፣ ኪቦርዱን ራሳቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ ነው ምቾት ማለት!» አሉ። አርባ አንድ ጠረጴዛ በእሳቸው ክርን ልክ ተገዛ። እኩልነት ከዚህ በላይ የለም፤ ለረጅሙም ለአጭሩም አንድ ዓይነት ሆነ።

ከአጭሮቹ አንዷ ቬርና ቶምቹክ ናት። የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ ክብ ፊት፣ ፈጣን እጅ። በሕንጻው ውስጥ እሷን በፍጥነት የሚስተካከል አልነበረም፤ ስትጽፍ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ግን ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ አንጓዋን ወደ ላይ ቆልምማ፣ ገደል እንደሚቧጥጥ ሰው ነበር የምትጽፈው። በሐምሌ አሥራ ሰባት ደግሞ የእንቁላል ያህል በረዶ ሦስት አውራጃ አወደመና ዘጠኝ ሺህ ቅጽ ባንድ ሳምንት ጎረፈ። በነሐሴ መጨረሻ ቬርናን ቀኝ እጇን ይነዝራት፣ ይደነዝዛት ጀመር።

«ሮዌና» አለች አንድ ቀን፣ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሮዌና ባውቲስታ፣ «እጄ የሰው እጅ መሰለኝ።»

«የሰው ከሆነማ መልሺለት» አለች ሮዌና። ከፊሊፒንስ መጥታ አሥራ አንድ ዓመት ከኛ ጋር የሠራች፣ ምላሷ ከጣቷ የማይዘገይ ሴት ናት። ዞር ብላ የቬርናን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች። «የምርሽን ነው እንዴ? ኦረስትን ጥሪው በይ፤ ጠረጴዛውን ዝቅ ያድርግልሽ።»

ኦረስት የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ ነው። ካቻቢቴውን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ።

«አራት ጣት ያህል ዝቅ ብትልልኝ ይበቃኛል» አለችው ቬርና።

«አራት ብሎን ናት እኮ! ቡናሽ ሳይበርድ እጨርሳታለሁ።»

ሁለተኛውን ብሎን ሲፈታ ሁለት ረጃጅም እግሮች አጠገቡ ቆሙ።

«ምን እየተደረገ ነው?» አሉ ሚስተር ብሪግስ።

«ብሎን እየፈታሁ ነው ጌታዬ።»

«በማን ፈቃድ?»

«እጇን አሟት ነው።»

«ይህ ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ፊታቸው በርኅራኄ ጠቁሮ። «ከባድ ጉዳይ ደግሞ በካቻቢቴ አይፈታም። የአንዷን ዝቅ አድርጎ የአርባዎቹን መተው አድልዎ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ግን ቅጠሉ በሥርዓት መቆረጥ አለበት። ብሎኑን መልስ።»

ኦረስት ብሎኑን መለሰ። በዚያው ሳምንት የእጅ አንጓ፣ የክርንና የተያያዥ መገጣጠሚያዎች ጉዳት አስቀድሞ መከላከያ ዓቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ በሙሉ ድምፅ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ጸሐፊነቱ የኔ፣ መጻፉ ግን የቬርና ሆነ፤ ፈጣኗ እሷ ናታ! በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ጽሑፍ ጎጂነት ሠላሳ ስምንት ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፈች።

ኮሚቴው እንቅልፍ አልነበረውም። መጀመሪያ የሦስት ሰዓት ሥልጠና አዘጋጀ። አርባ አንዱም አዳራሽ ተሰብስበው፣ ሦስት ሰዓት ሳይነሱ ተቀምጠው፣ ሦስት ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ የሚያመጣውን ጠንቅ ተማሩ። ቀጥሎ «እረፍት» የተባለ ፕሮግራም በየኮምፒውተሩ ተጫነ። በየሃያ ደቂቃው ስክሪኑ ጥርቅም ብሎ ይዘጋና የሐይቅ ሥዕል ይመጣል። የለሰለሰ ድምፅም፣ «እጅዎን ያራግፉ፤ ትከሻዎን ይልቀቁ» ይላል። እጅግ የሚያረጋጋ ነገር ነው። የቀኑ የቅጽ ኮታ ግን አልተነካም፤ ጤናና ምርት ወንድማማች ናቸውና።

«ዱዋይት» አለችኝ ሮዌና አንድ ጠዋት፣ ሐይቁ ፊቷ ተዘርግቶ፣ «ይቺ እረፍት በሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ትወስድብኛለች። ኮታው ያው ነው። ዘጠኙን ደቂቃ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ከፍጥነትሽ» አልኳት በአባታዊ ቃና።

«ለማረፍ ብዬ ልሩጥ?»

«ብልህ ሠራተኛ እንዲያ ያደርጋል።»

«ታዲያ ሐይቁ ላይ ያለው መጠይቅስ? 'አርፈዋል ወይ? ምን ያህል አረፉ? እረፍትዎን በመቶ ቃል ይግለጹ' ይላል እኮ! በእግሬ ልጻፈው?»

«አስተያየትሽን ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቢ» አልኳት።

የኮሚቴው ዘውድ ግን የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹ ነው። አሥራ አራት ገጽ ነው። በብዕር የተሞላ አይቀበልም። ምስጢር እንዳይባክን ተጎጂው ራሱ፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ኮምፒውተር መጻፍ አለበት። ሳይጨርስ ሐይቁ ከመጣ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ ያልተጠናቀቀ መረጃ አሳሳች ነዋ! ቅጹ ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ወር የተመዘገበ የእጅ ጉዳት ዜሮ። በሁለተኛው ወር ዜሮ። እንዲህ ያለ ውጤት በአንድ ኮሚቴ ዕድሜ ታይቶ አይታወቅም። ሚስተር ብሪግስ ሰንጠረዡን ሊፍቱ አጠገብ አሰቀሉት፤ የክፍለ ሀገሩ ምክትል ሚኒስትርም በኅዳር ወር የ«ዜሮ ጉዳት» ጋሻ ሊሸልሙን እንደሚመጡ ደብዳቤ ጻፉ።

ቬርና ቅጹን አራት ጊዜ ሞክራዋለች። ሦስቱን ጊዜ ሐይቁ በላው። በአራተኛው ስድስተኛ ገጽ ደርሳ፣ «ጉዳቱ በዕለት ተዕለት ኑሮዎ ላይ ያስከተለውን በዝርዝር ይጻፉ» የሚለው ላይ ጣቷ አልታዘዝ አላት።

ብትጽፈው ኖሮ የምትጽፈው ይህን ነበር። በየሳምንቱ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ከሴቶቹ ጋር ፒሮጊ ትሠራለች፤ ድንች በሊጥ ጠቅልሎ ጠርዙን በጣት ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረጉ መዝጋት ነው። ሠላሳ ዓመት የቆነጠጠች ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ግን እሷ የዘጋችው ሁሉ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተከፈተ ድንቹ ይበተን ጀመር።

«ቬርና ልጄ» አሏት ሁሉም እንደ አያት የሚያያቸው የሰማንያ ዓመቷ ባባ ስቴፋ ድስቱን እያማሰሉ፣ «ያንቺዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይስቁብኛል። ምን ሆነሻል?»

«ቸኩዬ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልቸኮልሽም ነበር?»

ቬርና እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀችው። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ አንጓዋን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ነርቭሽ ታፍኗል። ሳታሳርፊው የብርዱ ወራት ካለፈ ቢላ ይነካዋል። ከቢላውም በኋላ መጨበጡን ዋስትና አልሰጥሽም» አላት። እረፍት ልትጠይቅ ሚስተር ብሪግስ ቢሮ ገባች።

«ቬርና፣ አዘንኩልሽ» አሉ ከልባቸው። «ግን መዝገቡ ተጎድታለች አይልም። ያልተጎዳ ሰው ባሳርፍ ስለ ተጎዱት ምን እላለሁ?»

«የተጎዱትማ እነማን ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም የለም።»

ቬርና ይህን ስትነግራት ሮዌና ኪቦርዷን ወደ ፊት ገፋችው። ቬርና አላለቀሰችም፤ ግራ እጇ ቀኟን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ ነበር። ሮዌና ሐይቁን አፈጠጠችበት። ከዚያ ከፊቷ ከተቆለለው ክምር ባዶ የገበሬ ቅጽ መዘዘችና ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

«ይሄ ስንት ገጽ ነው?» አለች።

«አንድ።»

«በእጅ ይሞላል?»

«ይሞላል።»

«ሌላ ሰው ቢሞላልሽስ?»

«ገበሬው ማንበብ ካልቻለ ጎረቤቱ ይሞላለታል። አንቺ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዝም ብለሽ መልሺልኝ። የሰብሉ ዓይነት፦ እጅ፣ ቀኝ። የአገዳ ብዛት?»

«ሮዌና!»

«አምስት። የተጎዳ?»

ቬርና ሳቋ አመለጣት። «አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት። ሦስት።»

«ከመቶ ስድሳ። እንዲህ የተመታ ማሳ በሦስቱ አውራጃ የለም። የጉዳቱ መንስኤ፦ የሐምሌ አሥራ ሰባቱ በረዶ።»

«ውሸት ነው እሱ።»

«በረዶው ባይወርድ ዘጠኝ ሺህ ቅጽ ይመጣ ነበር? ታዲያ እጅሽን ማን መታው? የማሳው አድራሻ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ። ፈርሚ።»

ቬርና በግራዋ ፈረመች። ቅጹ በፖስታ ወጥቶ በፖስታ ተመለሰ። የገለበጠችው ጸሐፊ ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ በቀን መቶ ሃያ ቅጽ የሚገለብጥ ሰው እጅና ገብስ የሚለይበት ጊዜ የለውም። ኮምፒውተሩም ተቀበለ፤ ስለ ሰብሉ ዓይነት አስተያየት የለውም።

በአሥረኛው ቀን ኤልመር ቶርቫልድሰን ጭቃ በጠጣ ቦት ጫማው ደረጃውን ወጣ። ኤልመር የተቆጣጣሪዎች ሁሉ አንጋፋ ነው፤ ቃል አያባክንም። በአንድ እጁ አገዳ የሚቆጥርበትን የሽቦ ክፈፍ፣ በሌላው ቅጹን ይዟል።

«ማሳው የታለ?» አለ።

ቬርና ቀይ ሆና እጇን አነሣች። ሁለተኛው ፎቅ በሙሉ አንገቱን አሰገገ፤ ሐይቁ ብቻ፣ «ትከሻዎን ይልቀቁ» አለ።

ኤልመር ቅጹን አየ። እጇን አየ። ደግሞ ቅጹን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ሳበ፤ ክፈፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጇን በቀስታ መሃሉ ላይ አሳረፈው።

«ጨብጪ» አላት። «ልቀቂ። አሁን አውራ ጣትሽን ከትንሿ አገናኚ። አልደረሰም። ጎበጠ በሚለው ዓምድ ይገባል። ይቺን ስነካት ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

«ይቺስ?»

«እሷም።»

ኤልመር ጻፈ። «ይሄ ማሳ ፋታ አግኝቶ ያውቃል?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ታርሷል» አለች ሮዌና ከጎን።

«ያለ ፋታ?»

«እሑድ እሑድ ብቻ።»

«ታዲያ ምን ይብቀልበት!» አለ ኤልመር፤ ያን ያህል ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ከፍታ በክፈፉ ለካ፤ ራሱን ነቀነቀና ውሳኔውን ጻፈ፦ «ይህ ማሳ አንድ ወቅት ሙሉ ጦም ይደር። የሥራው ወለል አራት ጣት ዝቅ ይበል። አለበለዚያ ምርት የለም።»

ሚስተር ብሪግስ ወሬው ደርሷቸው እየተንደረደሩ መጡ።

«ኤልመር፣ እጅ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ ጌታዬ። ቀኝ እጅ ነው፤ ቅጹ ላይም የተጻፈው እሱ ነው።»

«ሰብል አይደለም እያልኩህ ነው!»

«ስንት ዓመት ነው ምርቱን ያጨዱት?»

ዳይሬክተሩ ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይግባኝ ይቻላል?» አሉ።

«ይቻላል።»

«ለማን?»

«ለኔ።»

ሚስተር ብሪግስ ወረቀቱን ተቀብለው ቆሙ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ቀስ እያለ እንደ ንጋት በራ።

«ይህ የተመዘገበው በእጅ ጉዳት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይደለም ጌታዬ፣ በበረዶ ጉዳት ነው።»

«ዜሯችን አልተነካችም?»

«እንደ ድንግል ናት።»

«በረዶ ነው ካላችሁ በረዶ ነው!» ብለው ፈረሙ። ጥበብ የሚባለው ይህ ነው።

ቬርና በዚያው ቀን ካፖርቷን ደርባ ወጣች። አራት ወር ጦም አደረች፤ ዕቃ አላጠበች፣ ኪቦርድ አልነካች፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን ማሰሪያ ሌት ተቀን አልፈታች። ቢላ አልነካትም። አንድ ሐሙስ ባባ ስቴፋ ከድስቱ ቀና ብለው፣ «ዛሬ የሳቀብኝ የለም» አሏት፤ ያኔ ግን ቬርና እዚያው ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

እኛ ዘንድ ደግሞ በረዶው አላባራ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀሩት አርባ ጸሐፊዎች በሙሉ ማሳቸው መመታቱን በእጅ ጽሑፍ አመለከቱ። ኤልመር ከነቦት ጫማው አንድ ወር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከረመ። ኦረስት አርባ አንዱንም ጠረጴዛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዝቅ አደረጋቸው። ጸሐፊዎቹ በተራ በተራ ጦም አደሩ፤ ኮታውም በተቆጣጣሪው ውሳኔ «ማሳው ከሚችለው በላይ እንዳይዘራ» ተብሎ ተቀነሰ። አርባ ሁለተኛም ማመልከቻ ነበረ፤ በቃለ ጉባኤ ፊርማ ብዛት የተጎዳ አንድ አውራ ጣት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንዳልናገር ትሕትናዬ ይከለክለኛል።

በኅዳር ምክትል ሚኒስትሯ ክብርት ኮርዴሊያ ፔንሮዝ ጋሻውን አስይዘው መጡ። ሚስተር ብሪግስ የኮሚቴውን ተጋድሎ ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ክብርትነታቸው በጥሞና ሲያዳምጡ ቆይተው ከፋይላቸው አንድ ወረቀት አወጡ።

«የእጅ ጉዳት ስንት ነው አላችሁኝ?»

«ዜሮ፣ ክብርት ሆይ!»

«የበረዶስ?»

ሚስተር ብሪግስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርባ ሁለት።»

«ሁሉም በዚህ ሕንጻ?»

«ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነው።»

«ከሐምሌ እስከ ጥቅምት?»

«ወረድ እያለ፣ ክብርት ሆይ።»

ክብርት ፔንሮዝ ቀና ብለው ኮርኒሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሚስተር ብሪግስ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኔም እስክሪብቶዬን። ሮዌና ከኋላ ረድፍ፣ «አለቀልን» ስትል ሰማኋት።

«እንዴት ያለ ጽናት ነው!» አሉ ክብርትነታቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አራት ወር ሙሉ በረዶ እየወረደባችሁ አንድ እንኳ እጅ አልተጎዳም!»

ጋሻው ተሰጠን። በወሩ የጣሪያ ሠራተኞች መጥተው ከዳር እስከ ዳር አዲስ ቆርቆሮ አለበሱን። በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስቴሩ መዝገቡን ሲመረምር ጣሪያው ከተሠራ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድም ጣት በበረዶ እንዳልተመታ አረጋገጠ፤ ይህንንም ታላቅ ግኝት በክፍለ ሀገሩ ላሉት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በመመሪያ አስተላለፈ። አሁን ጸሐፊ እጁን አመመኝ ባለበት ሁሉ ወዲያው መሰላል ይቆማል። በሦስት ከተማ ያሉ ባልደረቦቻችን ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰቅለው፣ አንጓቸውን እያሹ፣ ቀና ብለው አዲሱን ጣሪያቸውን ያደንቃሉ።